ዘብ የቆመ ገላ፦ ቤኒሻንጉል፣ የወይባ ጢስ እና የነርቭ ዕረፍት

ወይባ የምትባል ዛፍ አለች። የዕፅዋት ሊቃውንት ተርሚናሊያ ብራውኒ ይሏታል። በትግራይ፣ በወሎና በጎንደር ሴቶች ጢሷን ይሞቃሉ። ትንሽ ጉድጓድ ይቆፈራል፣ ፍም ይደረግበታል፣ የወይባው እንጨት ይጨመራል። ሴቲቱም ገላዋን ቅባት ተቀብታ፣ ከአንገቷ በታች በብርድ ልብስ ተሸፍና፣ ላቧ እስኪንቆረቆር ትቀመጣለች። ሙሽራ ትሞቀዋለች፣ አራስ ትሞቀዋለች፣ ወገቧን ያመማትም ትሞቀዋለች። ድንበሩን ሲሻገሩ፣ ሱዳን ውስጥ፣ ያቺው ዛፍ ሻፍ ትባላለች። ጠልህ ከሚሉት የግራር ዓይነት ጋር ሆና ዱኻን ለተባለው የጢስ መታጠቢያ ትነዳለች። ሱዳኖቹ ከጢሱ ጋር ድልካ የሚሉትም አላቸው። በእንጨት ጢስ ከታጠነ የማሽላ ሊጥ፣ ከሽቶና ከቅባት ይዘጋጃል፤ እሱን ይዘው ገላን ረጋ ብለው ያሻሉ።

የሁለቱ ልማዶች ባለቤቶች ጎረቤት የሆኑባት ከተማ ብትፈለግ አሶሳ ናት። ወሎዬው በ1977 እና በ1978 ዓ.ም በደርግ የሰፈራ ዘመቻ ወደ አካባቢው መጥቷል። በርታው ከጥንት ጀምሮ በንግድ፣ በእስልምናና በዝምድና ከሱዳን ጋር የተሳሰረ ነው። የሱዳን ስደተኛም ባለፉት አርባ ዓመታት በየማዕበሉ ሲገባባት ኖሯል።

ይህ ነገር የሴቶች ጓዳ ወሬ ተብሎ ከታሪክ ጽሑፍ ውጭ ቀርቷል። ስለ ቤኒሻንጉል ጉሙዝ ሲጻፍ ወርቅ ይጻፋል፣ ግድብ ይጻፋል፣ ግጭት ይጻፋል። ያ ሁሉ ያለፈበት ገላ ምን ሆነ ብሎ የሚጠይቅ ግን ጥቂት ነው። ጥያቄው ደግሞ የቅንጦት አይደለም። የዓለም ጤና ድርጅት ጥናቶችን አሰባስቦ እ.ኤ.አ. በ2019 ባወጣው ግምት፣ ግጭት ባለበት ወይም በቅርቡ ግጭት ባለፈበት አካባቢ ከሚኖሩ ሰዎች 22 በመቶው፣ ማለትም ከአምስቱ አንዱ ገደማ፣ የአእምሮ ጤና ችግር አለበት።

የአካባቢው ታሪክ በአጭሩ ነቅቶ የማደር ታሪክ ነው። እ.ኤ.አ. በ1821 ሱዳንን የያዘው የግብፁ ገዢ የመሐመድ ዓሊ ጦር ወርቅና ባሪያ ፍለጋ እስከ ፋዙግሊ ዘለቀ። ከዚያ የማህዲስቶች ዘመን ተከተለ። በ1890 ዓ.ም ደግሞ ራስ መኮንን ዘምተው አካባቢውን ለአፄ ምኒልክ አስገበሩ። የአሶሳው ሼክ ሆጀሌ አልሐሰን ለማዕከላዊው መንግሥት ወርቅ እየገበሩ ለአሥርተ ዓመታት ገዙ። ወርቅ በወጣበት መንገድ ሰውም ወጥቷል፤ በርታው፣ ጉሙዙ፣ ማኦውና ኮሞው ለባሪያ ንግድ ታድነዋል። አዳኙ ከአንድ አቅጣጫ ብቻ አልመጣም፤ ከደገኛው በኩልም ከሱዳን በኩልም፣ አንዳንዴም ከራሱ ከአካባቢው ሹማምንት ዘንድ መጥቷል። ባርነት በ1934 ዓ.ም አዋጅ ፈጽሞ ሲከለከል፣ በብዙ መንደር የውሻ ጩኸት ሲሰሙ ከእንቅልፍ ዘሎ መነሣት ከአያት የተወረሰ ልማድ ሆኖ ነበር ብሎ መገመት ማጋነን አይሆንም።

ዘመናዊው ዘመንም አላሳረፈም። ኡዱክ የሚባሉት የብሉ ናይል ሰዎች እ.ኤ.አ. በ1987 ከሱዳን ጦርነት ሸሽተው አሶሳ አጠገብ ጾሬ ላይ ሰፈሩ። በጥር 1982 ዓ.ም አሶሳ በአማፅያን ስትያዝ እንደገና ተነሥተው ሮጡ። ወደ ሱዳን ተመልሰው፣ ከዚያም ወደ ጋምቤላ ዞረው ዓመታት ተንከራተቱ። እንግሊዛዊቷ የሥነ ሰብዕ ተመራማሪ ዌንዲ ጄምስ ይህን መንከራተት ተከታትላ ጽፋዋለች። በዚያው ጥር አሶሳ ዙሪያ የነበሩ ሰፋሪዎችም ተገድለዋል። መስከረም 16 ቀን 2011 ዓ.ም የካማሺ ዞን ባለሥልጣናት ከተገደሉ በኋላ በተነሣው ግጭት እጅግ ብዙ ሕዝብ ቤቱን ጥሎ ወደ ወለጋ ሸሸ። ታኅሣሥ 14 ቀን 2013 ዓ.ም ንጋት ላይ በመተከል፣ ቡለን ወረዳ፣ በኩጂ ቀበሌ ሰዎች በተኙበት ተገደሉ። የኢትዮጵያ ሰብአዊ መብቶች ኮሚሽን መጀመሪያ ያወጣው ቁጥር ከ100 በላይ ነበር፤ በኋላ የሟቾቹ ቁጥር ከ200 አለፈ። የተረፈው ወደ ቻግኒ ጎረፈ። ከዓመት በኋላ ደግሞ ማኦ ኮሞ ውስጥ የነበሩት የቶንጎና የጉሬ ሸምቦላ የስደተኛ መጠለያዎች በግጭት ፈረሱ። ሚያዝያ 7 ቀን 2015 ዓ.ም ካርቱም ውስጥ የተተኮሰው ጥይት ደግሞ በኩርሙክ በኩል አዲስ ስደተኛ አመጣ፤ ብዙዎቹ በኋላ ኡራ ወደተባለው መጠለያ ተዛወሩ።

በኩጂ በንጋት ነው የተጠቃችው። ይህ ዝርዝር ለነርቭ ትልቅ ነገር ነው። ሰዓቱ ራሱ ጠላት ይሆናልና። ከዚያ ሌሊት የተረፈ ሰው ቻግኒም ሆነ አሶሳ ቢተኛ፣ ሊነጋጋ ሲል ያለ ምንም ድምፅ ሊነቃ ይችላል። ሐኪም ሳያስፈልገው ሁሉም ሰው የሚያውቀው ነገር ነው።

እ.ኤ.አ. በ1915 አሜሪካዊው የፊዚዮሎጂ ሊቅ ዋልተር ካነን ሰውነት ሲፈራ ምን እንደሚያደርግ በአንድ መጽሐፍ ሰብስቦ አሳየ። ልብ ይፈጥናል፣ ደም ከሆድ ወደ ጡንቻ ይሄዳል፣ ጉበት ስኳር ይለቃል፣ አድሬናሊን ይፈስሳል። ሰውየው ለመጋጠም ወይም ለማምለጥ ተዘጋጀ ማለት ነው። ከስድስት ዓመት በኋላ በኦስትሪያ ኦቶ ሎዊ የሁለት እንቁራሪቶችን ልብ በየዕቃው አስቀመጠ። ቬገስ የተባለውን ነርቭ በኤሌክትሪክ ሲነካው የመጀመሪያው ልብ ቀዘቀዘ። ከዚያ ያ ልብ የተነከረበትን ፈሳሽ ወስዶ በሁለተኛው ላይ አፈሰሰው፤ ሁለተኛውም ቀዘቀዘ። ልብን የሚያረጋጋ ነገር ከነርቩ ጫፍ እንደሚወጣ ታወቀ፤ ሎዊም እ.ኤ.አ. በ1936 ከሄንሪ ዴል ጋር ኖቤል ተሸለመ። ስለዚህ ሰውነት የሚያስሮጥ ብቻ ሳይሆን ልጓም የሚይዝም አለው። ልጓሙን በፈቃድ መሳብ የሚቻልበት ቀላሉ መንገድ ትንፋሽ ነው። ሰው ሲያስገባ ልቡ በጥቂቱ ይፈጥናል፣ ሲያስወጣ ይዘገያል። አወጣጡን ማስረዘም ልብን ማዘግየት ነው። «እፎይ» የሚለው ቃል ራሱ ረጅም ትንፋሽ ማውጣት መሆኑን ልብ ይሏል።

ሌላው መንገድ ቆዳ ነው። በስዊድን የጎተንበርግ ተመራማሪዎች፣ በተለይ ሆካን ቫልቦና ባልደረቦቹ፣ እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ ፀጉር ባለበት የሰው ቆዳ ላይ ከሌሎቹ የተለየ ቀጭን የነርቭ ክር መኖሩን አረጋገጡ። ይህ ክር ቸኩሎ አይነግርም። የሚነቃው ለዝግተኛና ለለስላሳ ንክኪ ነው። በሰከንድ ከአንድ እስከ አሥር ሴንቲ ሜትር በሚሄድ እጅ ሲዳሰስ በጣም ይሠራል፤ የተነካው ሰውም ደስ ያለው በዚያው ፍጥነት ነው። እናት የሚያለቅስ ሕፃን ጀርባ ላይ እጇን የምታስሄደው በግምት በዚህ ፍጥነት ነው። ማንም አላስተማራትም።

እዚህ ላይ ማጋነን ይበዛል። በከተማ ግድግዳ ላይ የሚለጠፈው ማስታወቂያ ማሳጅ የማያድነው በሽታ የለም ሊል ምንም አይቀረው። መታሸት የጭንቀት ሆርሞን የሚባለውን ኮርቲዞል በብዙ እጅ ይቀንሳል የሚለው አባባል ለዓመታት ሲደጋገም ነበር። ክሪስቶፈር ሞየርና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2011 ጥናቶቹን አሰባስበው ሲመዝኑት ግን በሆርሞኑ ላይ ያለው ውጤት በጣም ትንሽ ሆኖ ተገኘ። ያው ሞየር ቀደም ብሎ በ2004 ባወጣው ግምገማ ግን ተደጋግሞ የታሸ ሰው ጭንቀትና ድባቴው በጉልህ እንደሚቀንስ አይቷል። ሰውየው ይረጋጋል ማለት ነው፤ የሚረጋጋው ግን በማስታወቂያው በተነገረው መንገድ አይደለም።

«ማሳጅ» የሚለው ቃል አዲስ አበባ ውስጥ ሲነሣ ሰው ፈገግ የሚልበት ምክንያት ይታወቃል። ቃሉ በዝሙት ንግድ ጥርጣሬ ተበክሏል። ይህ ግን የእኛ ብቻ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1894 ለንደን ውስጥ የእንግሊዝ የሕክምና መጽሔት በከተማዋ የማሳጅ ቤቶች ውስጥ ምን እንደሚሠራ ጽፎ ትልቅ ቅሌት ተነሣ። በዚያው ዓመት ሮዛሊንድ ፓጀትን ጨምሮ አራት ነርሶች ሙያው ከነስሙ ሲጠፋ ዝም ብለው አላዩም። የሠለጠኑ አሺ ሴቶች ማኅበር አቋቋሙ፤ ፈተና አወጡ፣ ደንብ ጻፉ፣ ያለ ሐኪም ትእዛዝ እንዳይሠራ አደረጉ። ሃያ ዓመት ሳይሞላ የመጀመሪያው የዓለም ጦርነት ፈነዳ። በነሐሴ 1914 ሃምሳ የሠለጠኑ ሴቶች ለወታደር ሆስፒታሎች ተሰለፉ፤ ጦርነቱ ሲያልቅ ቁጥራቸው እጅግ በዝቶ ነበር። ከስብራትና ከጥይት ቁስል በቀር ከምሽግ የተመለሰውን፣ እጁ የሚንቀጠቀጠውን፣ በር ሲንኳኳ አልጋ ስር የሚገባውን ሰውም ተቀበሉ። ማኅበሩ እ.ኤ.አ. በ1920 የንጉሥ ቻርተር አገኘ። ዛሬ የእንግሊዝ ፊዚዮቴራፒ ባለሙያዎች ማኅበር የሚባለው ይኸው ነው። ቅሌት የነበረው ነገር በሃያ ስድስት ዓመት ውስጥ የተከበረ ሙያ ሆነ፤ በመሃሉ የሆነው ደግሞ ሥልጠና፣ ፈተናና ጦርነት ነው።

የኢትዮጵያው ወጌሻ ይህን መንገድ አላገኘም። አያቶቹ ያሹበት እጅ አለው፣ ቅቤና ቅባቱን ያውቃል፣ ወልቃት ይመልሳል። ነገር ግን አጥብቆ ያሰረው ስብራት ደም አጥቶ እጅና እግር እስከ መቆረጥ ያደረሰበት ብዙ ነው፤ የአጥንት ሐኪሞች ይህን ሲጮኹበት ኖረዋል። ጩኸታቸው ትክክል ነው። ስሕተቱ ከስብራቱ ጋር ማሸቱንም አብሮ መጣል ነው። «አጥንት አትሰር፣ ወደ እኛ ላክ፤ የታመመ ወገብና የደነገጠ ሰው ትከሻ ግን እሽ» የሚል ሥልጠና መስጠት የማይቻልበት ምክንያት የለም።

ኢትዮጵያ ውስጥ ከባህል ወደ ሆስፒታል የገባ የገላ ጥበብ አንድ ጥሩ ምሳሌ አለው። ክብደታቸው አነስተኛ ሆነው የተወለዱ ሕፃናትን በእናት ደረት ላይ፣ ገላ ለገላ አድርጎ ማቆየት እ.ኤ.አ. በ1978 በኮሎምቢያ ቦጎታ በኤድጋር ሬይ ሳናብሪያ የተጀመረ ነው። ማሞቂያ ሣጥን ስላነሰ የመጣ ዘዴ ነው። አዲስ አበባ ላይ ዶክተር ቦጋለ ወርቁና ባልደረባቸው ዘዴውን ከተለመደው እንክብካቤ ጋር አነጻጽረው እ.ኤ.አ. በ2005 ባሳተሙት ጥናት በእናት ገላ ላይ የነበሩት ሕፃናት በተሻለ ቁጥር ተርፈዋል። ሕፃን አዝሎ መኖር ለኢትዮጵያ እናት አዲስ ነገር አይደለም። አዲስ የሆነው ሐኪም ቆጥሮ፣ አነጻጽሮ፣ «ይሠራል» ብሎ መጻፉ ነው።

የድንጋጤ አያያዝም በአገሩ ባህል ውስጥ አለ፤ መርዶን ማየት ይበቃል። መርዶ በስልክ አይነገርም፤ ቢነገር ነውር ነው። ሽማግሌዎችና ዘመዶች ተሰብስበው ማለዳ ይሄዳሉ፣ ሰውየው ብቻውን እንዳይሰማ ከበውት ይቀመጣሉ፣ ሲወድቅ ይይዙታል፣ ውሃ ያቀርቡለታል፣ ከዚያ ለቀናት ቤቱ ሰው አይለየውም። ጄምስ ኮን የተባለው አሜሪካዊ ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ2006 ባወጣው ጥናት 16 ያገቡ ሴቶችን በአንጎል መመርመሪያ መሣሪያ ውስጥ አስተኝቶ ትንሽ የኤሌክትሪክ ንዝረት ሊነካቸው እንደሚችል ነገራቸው። የባላቸውን እጅ የያዙት ሴቶች አንጎል ለስጋቱ የሰጠው ምላሽ ቀነሰ፤ የማያውቁት ሰው እጅ ሲሆን የቀነሰው ባነሰ መጠን ነበር። መርዶ ነጋሪዎቹ መሣሪያ አልነበራቸውም፤ እጅ ግን ነበራቸው።

መፈናቀል ቤትና ከብት ከመውሰዱ ሌላ የሚያደርሰው ጉዳት እዚህ ጋ ይገባል። ይዞ የሚያረጋጋውን ዘመድ ይበትናል። መርዶው ካምፕ ውስጥ በስልክ ይመጣል። ሰሚው ከማያውቃቸው ሰዎች ጋር በአንድ ድንኳን ውስጥ ነው። ወይባ የምታሞቀው እህት ወለጋ ቀርታለች፤ ድልካ የምትቀባው አክስት ዳማዚን ቀርታለች።

እርዳታ ሰጪው መጥቶ ምን ይሰጣል? ዱቄት፣ ዘይት፣ ሸራ፣ ሳሙና። እነዚህ መቅደማቸው ተገቢ ነው። የተራበ ሰው ትንፋሹን እንዲቆጥር መጠየቅ ስድብ ነው። ከዱቄቱ በኋላ ግን ክኒን ብቻ የሚጠበቅበት ሁኔታ አለ፤ የዓለም ጤና ድርጅት በ2013 መመሪያው ከአሰቃቂ ነገር በኋላ ባለው የመጀመሪያ ወር ለድንጋጤ ምልክቶች ቤንዞዲያዜፒን የተባሉትን የማረጋጊያ መድኃኒቶች ለአዋቂ እንዳይሰጡ መክሯል። በሌላ በኩል ድርጅቱ ያዘጋጀው የጭንቀት መቋቋሚያ ትምህርት በሰሜን ኡጋንዳ፣ ራይኖ በተባለው ሰፈራ፣ በ14 መንደሮች ከሚኖሩ 694 የደቡብ ሱዳን ስደተኛ ሴቶች መካከል ለከፊሎቹ በድምፅ ቅጂ ተሰጥቶ ተመዝኗል። እ.ኤ.አ. በ2020 የወጣው ውጤት ጭንቀታቸው ከሦስት ወር በኋላም ከሌሎቹ ዝቅ ብሎ መገኘቱን ያሳያል። አስተማሪዎቹ የሥነ አእምሮ ሐኪሞች አልነበሩም፤ አጭር ሥልጠና የወሰዱ የአካባቢው ሰዎች ነበሩ። ለቤኒሻንጉል ይህ ትልቅ ዜና ነው። የኢትዮጵያ ሐኪሞች በአገራቸው በሥነ አእምሮ ስፔሻላይዝ ማድረግ የጀመሩት እ.ኤ.አ. በ2003 በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ነው፤ እያንዳንዱ የመተከል ቀበሌ ባለሙያ እስኪያገኝ መጠበቅ ማለት አንድ ትውልድ መጠበቅ ነው።

መታሸት ለሁሉም ይሰጥ ማለት ግን አይደለም። ግፍ የተፈጸመበት ገላ፣ በተለይ የተደፈረች ሴት ገላ፣ የሰው እጅ ሲነካው ሊደነግጥ ይችላል። ለእሷ እጅ መድኃኒት ከመሆኑ በፊት ማስፈራሪያ ነው። ስለዚህ ትንፋሽ ይቅደም፣ ጡንቻን አጥብቆ መልቀቅ ይቅደም። ይህን ሁለተኛውን ኤድመንድ ጃኮብሰን የተባለ አሜሪካዊ ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1929 በመጽሐፍ አሳትሞታል፤ ጡጫን መጨበጥ፣ ጥቂት መቆየት፣ መልቀቅ፣ ከዚያ ትከሻ፣ ከዚያ መንጋጋ እያሉ መሄድ ነው። ማንም አይነካም፣ ገንዘብም አይጠይቅም። እጅ የሚመጣው ባለቤቷ ስትፈቅድ፣ ከምታውቃት ሴት፣ በሚዘጋ ክፍል ውስጥ ነው። የጢስ ባህሉ ይህን ሁሉ ያውቃል፦ ሴት ለሴት ነው፣ ቤት ውስጥ ነው፣ ገላ የተሸፈነ ነው፣ ጊዜው ረጅም ነው፣ ወሬም አለበት።

ሌላ ከባድ ተቃውሞም አለ። ዘብ የቆመ ገላ የቆመው በምክንያት ነው። ሌሊት ታጣቂ ሊመጣ በሚችልበት መንደር ሰውን አረጋግቶ ማስተኛት ወዳጅነት ላይሆን ይችላል። የሚመጣው ነገር እውነት ከሆነ የነቃው ሰው ነው ትክክል። እንግዲህ ማረጋጋትን በጸጥታ ምትክ ማቅረብ፣ «መንገዱን አላስከበርንም፤ ግን ትንፋሽ አስተምረናል» ማለት ማታለል ነው። የጉሙዝ ሽማግሌዎች ማንጊማ በሚሉት የዕርቅ ሥርዓት ደም የተቃቡ ወገኖችን ያስታርቃሉ። ያ ዕርቅ ሲጸና አንድ መንደር በሙሉ ሌሊቱን ይተኛል፤ የትኛውም አሺ እጅ ይህን አያደርግም። ነገር ግን ዕርቁ ከወረደ በኋላም ገላው ወዲያው አይሰማም። ስምምነት ተፈርሞ፣ ታጣቂ ገብቶ፣ ተፈናቃይ ተመልሶም ልብ በንጋት ይደልቃል። የመልሶ ማቋቋም ዕቅዶች ቆርቆሮና ምርጥ ዘር ይቆጥራሉ፤ ለዚህ ልብ የተመደበ መስመር ግን ብዙ ጊዜ አይገኝባቸውም።

ለዚህ የሚያስፈልገው ብዙ ወጪ አይደለም። በኡራ፣ በባምባሲ፣ በሸርቆሌ፣ በየተመላሽ ቀበሌው አንድ የሚዘጋ በር ያለው ክፍል፣ ጥቂት ቅባት፣ ትንፋሹንና ጡንቻ ማላቀቁን በበርታኛ፣ በጉሙዝኛ፣ በሽናሽኛ፣ በአረብኛና በአማርኛ የተቀረጸ ድምፅ፣ ጥቂት የሠለጠኑ ሴቶች። የሚያሹትን እጆች ከውጭ ማምጣት አያስፈልግም፤ ካምፑ ውስጥ ተቀምጠዋል።

የሚቸግረው እንጨቱ ነው። ስደተኛውም ተፈናቃዩም ማገዶ የሚለቅመው ከአንድ ጫካ ነው፤ ከተቀባዩ ሕዝብ ጋር ከሚያጋጩት ነገሮች አንዱ ይኸው ነው። ሴቶች ደግሞ ለጥቃት ከሚጋለጡባቸው ጊዜዎች አንዱ ለእንጨት ሲወጡ ነው። ወይባዋን ሞቃ እፎይ ልትል የምትፈልግ ሴት፣ መጀመሪያ ብቻዋን ልትሄድበት ወደምትፈራው ጫካ መውጣት አለባት።